ስለ ታች ሰፈር የተዘጉ ደጆችና ወደ ላይ ሰፈር ስለ ወጣው የኪኒን ሣጥን

ታች ሰፈር፣ ጓንግ ወንዝ ዳር
ጥቅምት ፲፱፻፴፬ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ውባንተ
የመተማና የአካባቢዋ የንዳድ ጥያቄ ሹም

ክቡር ሆይ፣

የቆላው ፀሐይ ያልደፈረው ጤናዎ፣ ከደጋ ይዘውት የወረዱት ደም ግባትዎ፣ ከምሳ በኋላ ማንም የማያቋርጠው እንቅልፍዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሁሉም እንደ ነበሩ እንዲቆዩ፣ በተለይ እንቅልፍዎ እንዳይነካ፣ ዘወትር ጧት ወደ ምሥራቅ ዞሬ እለምናለሁ። በደብዳቤ ወግ ቀጥዬ «እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊዎ ይህን ቃል ከቆለኛ አፍ በሰሙ ቁጥር «በዚህ ቤት ንዳድ የለም» ብለው እንደሚጽፉ ስለ ተረዳሁ፣ ምስጋናውን ለፈጣሪ በልቤ አድርሼ ደኅንነቱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

እኔ ሰጠኝ እባላለሁ። ታች ሰፈር ማሽላና ሰሊጥ አርሼ የማድር፣ በልጅነቴ እስከ ድቁና ተምሬ ድምፄ ለቅዳሴ አልሆን ቢል ወደ ሞፈር የተመለስኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላደርስ አስቤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ግን «ባላምባራስ ይጠይቃሉ እንጂ አይጠየቁም» ስላለኝ፣ በመተማ ገበያ በነጋዴው በኸሊፋ ሱቅ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ተገድጃለሁ። ኸሊፋም ስኳር ለሚገዙት የወዲያ ማዶ ሰዎች በዐረብኛ ሊያስረዳልኝ ቃል ገብቷል። እንግዲህ ከእርስዎ በፊት ገበያተኛው ቢያነበው እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ጉዳዩን ላልሰማ ገበያተኛ ባጭሩ ላስታውስ። ባለፈው ጥር ጣሊያን መተማን ለቆ ከሸሸ ወዲህ፣ ጎንደር ላይ ገና መድፍ ቢያጓራም፣ እኛ ቆለኞቹ የራሳችንን ሹም አግኝተናል፤ እርሱም እርስዎ ነዎት። ክረምቱ ወጥቶ ንዳድ፣ ወባው፣ ሲነሣ ከድንበር ማዶ ከሱዳኗ ገላባት አንድ ሣጥን ኪኒን መጣልን። ሣጥኑ አንድ፣ ሰፈሩ ግን ሁለት ሆነ። አንዱ ቢንቢ የምትፈላበት ወንዝ ዳር የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ሁለተኛው ነፋስ በሚያራግበው ኮረብታ ላይ ያሉት ላይ ሰፈሮች ናቸው። እርስዎም በፍርድ አዋቂነትዎ «ሕዝቡ ይጠየቅ፤ ሣጥኑ ንዳድ ወደ በዛበት ሰፈር ይሂድ» አሉ። ጸሐፊዎ ከቤት ወደ ቤት ዞረው ጠየቁ፤ ጻፉም። በመጨረሻ ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር ጤነኛ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈር በሽተኛ ሆኖ ተገኘ። ሣጥኑ ወደ ላይ ወጣ፤ ቁልፉም በላይ ሰፈሩ በአቶ አዛናው አንገት ላይ ተንጠለጠለ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለ መጠየቅዎ አመሰግናለሁ። ሳይጠይቅ ከሚፈርድ ሹም ጠይቆ የሚሳሳት ይሻላል፤ የኋለኛው ቢያንስ ለምን እንደ ተሳሳተ ሊነገረው ይችላል። እኔም በዚሁ መንፈስ ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓቱና ስለ እሾሁ። ጸሐፊዎ ከደጋ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ጥላቸውን ዘርግተው ወደ ታች ሰፈር የወረዱት ግን ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ነው። በወርኃ ጥቅምት በዚያ ሰዓት ጤነኛ የሆነ የታች ሰፈር ሰው ወይ ማማ ላይ ቆሞ ከማሽላው ወፍ ይጠብቃል፣ ወይ ሰሊጥ ያጭዳል። ቤት የሚውለው የታመመና አስታማሚው ነው፤ ከነዚህ ሌላ የሚገኙት በጥላ ሥር ገበጣ የሚጫወቱ፣ የሚያርስላቸው ያላቸው ባለጸጎች ናቸው። ጸሐፊዎ ታዲያ ደጃፉ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ የተጋደመበትን ቤት ባዩ ቁጥር «ወደ እርሻ ሄደዋል» ብለው ጻፉ። በደጋው አገር እንዲያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ሲወጣ ከብት እንዳይገባበት ደጁን በእሾህ ይዘጋል። እኛ ዘንድ ግን ወደ እርሻ የሚሄድ ሰው ደጁን እንዲሁ ትቶት ይሄዳል፤ ጣሊያን ካራገፈን በኋላ ምን ይወሰድበታል ብለው ነው! እሾህ የሚጋደመው ንዳድ የያዘው ሰው ውስጥ ሲተኛ ነው፤ ከፀሐይ የመጣ እንግዳ በትኩሱ ገብቶ በሽታውን እንዳያብስበት። ይህን የማያውቅ በታች ሰፈር የለም። እንግዲህ ጸሐፊዎ ጤነኛ ስለሆኑ እርሻ ውለዋል ያሏቸው ቤቶች፣ በእኛ ወግ «እዚህ ሰው ታሟል» ብለው የሚጮኹ ቤቶች ነበሩ።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ የእኔ ነው። እኔ ማማ ላይ ሆኜ ወፍ ስጠብቅ ሚስቴ ፋናዬ በገመድ አልጋዋ ላይ ያለንን ጋቢ ሁሉ ለብሳ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። የጸሐፊዎን ድምፅ ሰምታለች። አቤት ልትል ሞክራ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አልወጣ አላት። ኋላ ስትነግረኝ «ጥላቸውን በስንጥቁ አየሁት፤ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ሄዱ» አለችኝ። ወደ ላይ ሰፈር ግን ጸሐፊዎ የወጡት ጧት በቀዝቃዛው ነው። አዛናው ደጁ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ቁርስ አቅርቦላቸዋል አሉ። በዚያ ጧት እንኳን ንዳድ የያዘው፣ ትናንት ያስነጠሰውም ሳይቀር ወጥቶ ተመዝግቧል።

ሁለተኛ፤ ዝም ያለውን ሁሉ ደኅና ነው ስለ ማለትዎ። ከታች ሰፈር ቤቶች መልስ የሰጡት ከሦስቱ አንዱ ቢሆኑ ነው። እነርሱም ከላይ የጠቀስኳቸው ገበጣ ተጫዋቾች፣ እንደ ክረምት ጎመን የለመለሙ ሰዎች ናቸው። «ቤታችሁ እንዴት ነው?» ተባሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ እርስዎም የቀረውን ሁለት እጅ ሰፈር በእነርሱ ልክ ቆርጠው ሰፉት። ይህ አሠራር ቀብር ላይ የቆመውን ሕዝብ «ከመካከላችሁ የሞተ አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ በአገሩ ሞት የለም ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

በዚህ ነገር ጸሐፊዎን ባነጋግራቸው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያልተናገረ ጥፋቱ የራሱ ነው» ብለው ተረቱብኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት እንደሚቀር እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ዝም የሚለው ከቤቱ ስለሌለ ነው። አንዱ አቅም ስላጣ ነው። ሌላው ደግሞ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው መመለስ ምን እንደሚያመጣ በጣሊያን ጊዜ ስለ ተማረ ነው። ያኔ ስንት ከብት አለህ ተብሎ የመለሰ ከብቱን አጣ፤ ስንት ወንድ ልጅ አለህ ተብሎ የመለሰ ልጁን ለመንገድ ሥራ ሰጠ፤ ጠመንጃ አለህ ወይ ተብሎ እውነቱን የተናገረ ደግሞ ምን እንደ ሆነ የሚነግረን አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ ዝምታ በአንድ ስልቻ ከትተው «ጤነኛ» ብለው አፉን አሰሩት።

ጎረቤቴ ጀይሉ ሚስትም ልጅም ያልነበረው ብቸኛ ሰው ነበር። ደጁን በእሾህ የዘጋው ራሱ ነው፤ ዘግቶ ተኛ። «ወደ እርሻ ሄዷል» ተብሎ በተጻፈ በማግሥቱ ወደ ማርያም ወሰድነው፤ እስካሁንም ከዚያ አልተመለሰም። በእርስዎ ዘንድ ግን አሁንም ጤነኛ መሆኑ ለወዳጆቹ ታላቅ መጽናኛ ነው።

የጥያቄው ውጤት በአዋጅ የተነገረበትንም ቀን አልረሳም። ገበያው ዳር ከሮቃው ዛፍ ሥር ሰበሰቡንና «ታች ሰፈሮች፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ንዳድ አልነካችሁም» አሉን። በዚያ ሰዓት ከእኛ ወገን የቆመው ሰው ግማሹ በግማሹ ተደግፎ ነበር፤ ጥርሱም ስለሚንቀጫቀጭ ማጨብጨብ ያማረው ይመስል ነበር። የላይ ሰፈር ሴቶች እልል አሉ። በሽተኛ ተብለው እልል ያሉ ሰዎች ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልናገርና ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው በሽታ ቀናሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሣጥኑ ጠባቂ ስለ አቶ አዛናው። በሕዝብ በሽታ ቀናሁ ማለቴን ይዘው በሰውዬውም እቀናለሁ ብለው እንዳይገምቱ አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ቅናት የያዘው ሰው እንቅልፍ ያጣል ይባላል፤ እኔ ግን እንቅልፍ የማጣው ስለ ሕዝብ ጉዳይ ሳስብ ብቻ ነው። ይህም ሐሳብ የሚመጣብኝ ፋናዬ ከላይ ሰፈር በተመለሰች ቀን ስለሆነ ሰዎች ነገሩን አዛብተው ይተረጉሙታል።

ገበያተኛው ከሌላ ከሚሰማ ከእኔው ይስማው። ከጦርነቱ በፊት፣ ፋናዬ ጭልጋ በአባቷ ቤት ሳለች፣ አዛናው ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እኔም ልኬ ነበር። እርሱ ሁለት ጥማድ በሬ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ዳዊት በቃሌ እደግም ነበር። አባቷ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ስለነበሩ ዳዊቱን መረጡ። ፋናዬ ማንን እንደ መረጠች የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም ነገሩ ያለቀለት ስለ መሰለኝ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ በመመሪያዎ መሠረት ኪኒን ለሰው እጅ አይሰጥም። ማዶ ተሻግሮ እንዳይሸጥ በሽተኛው ራሱ በጠባቂው ፊት ቆሞ ይውጣል። ባል ለሚስቱ አምጥቶ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ንዳዱ ሲበረታባት፣ እኛ ታች ሰፈሮች ጤነኞች ብንሆንም፣ ፋናዬን በቃሬዛ ተሸክመን ያንን ዳገት ወጣን። አዛናው ከየት መጣችሁ ሳይል ሣጥኑን ከፈተላት። ነፍሷን አትርፎልኛልና አመሰግነዋለሁ፤ ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ የጻፍኳት በምስጋናው ብዛት ነው።

ስለ አሠራሩ ግን ጥቂት የምጠይቀው አለኝ። ኪኒን እንደሚታወቀው መራራ ነው። ፋናዬ ከዋጠች በኋላ አዛናው ማር አቀመሳት። ማሩ ከሣጥኑ ጋር ከገላባት የመጣ ነው ወይስ ከገዛ ቀፎው? ከቀፎው ከሆነ ለበሽተኛ ሁሉ በእኩል ይታደላል? ይህን ለማጣራት በዚያው ሰሞን ኪኒን የዋጡትን የሰፈራችንን አዋላጅ እማሆይ አሰበችን ብጠይቃቸው «እኔንማ ውኃ ነው ያጠጣኝ፤ እሱንም ቅሉን ሙሉ አይዶል» ብለውኛል። ዳግመኛም ትኩሳቷ መብረዱን ለማወቅ ግንባሯን ዳሰሰ ተብሏል። የግንባር ዳሰሳ በመመሪያዎ በስንተኛው አንቀጽ ይገኛል? የሚደረገው በመዳፍ ነው ወይስ በእጅ ጀርባ? ምን ያህል ጊዜስ ይቆያል? ሕዝቡ ሊያውቀው ይገባል።

ከተሻላት ወዲህ ፋናዬ የቀረላትን ኪኒን ልትውጥ በየሳምንቱ ወደ ኮረብታው ትወጣለች። ባለፈው ከመውጣቷ በፊት ሹሩባ ተሠራች። ለምን ብላት «ሰው ፊት አይዶል የምቀርብ?» አለችኝ። እኔ ከሰው እንደማልቆጠር የተረዳሁት ያኔ ነው። ስትመለስ ደግሞ የምትነግረኝ ሁሉ አዛናው ነው፤ አዛናው ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ ይላል፣ አዛናው ማታ ማታ ደጅ አትቀመጡ ይላል፣ አዛናው ሳቀ። ሰው መሳቁ በቤቴ ውስጥ እንደ ወሬ ሲነገር ያ የመጀመሪያው ነው። እኔም እስቃለሁ፤ ነገር ግን ማንም ለማንም አውርቶልኝ አያውቅም። ቁልፉንም በቀይ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ክሩ ከማተቡ ይወፍራል።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዎ በወጉ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ ታች ሰፈር ይቀመጥ ነበር፤ ሚስቴም ኪኒኗን ከደጃፏ ሳትርቅ ትውጥ ነበር። ያኔ ቁልፉን ማን ይይዝ ነበር ብለው ቢጠይቁኝ ስም አልጠራም። ማንበብ የሚችል፣ ዳዊት የሚደግም፣ ለወንዙ የቀረበ ሰው አይጠፋም ነበር።

አራተኛ፤ ሳያዙን ስለ ሠራነው ሥራ ይቅርታ ለመጠየቅ። እማሆይ አሰበች ግማሹን ታች ሰፈር ያዋለዱ ናቸውና እሾህ አይከለክላቸውም። እርሳቸውን አስቀድሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጅ ወደ ደጅ ዞርኩ። መጀመሪያ ለጸሐፊዎ መልስ የሰጡትን እንደ ገና ጠየቅን፤ መልሳቸው ያው ነው፤ ንዳድ ያለበት ቤት ጥቂት ነው። አልዋሹም፤ ጸሐፊዎም አልዋሹም። ቀጥለን፣ ለጸሐፊዎ ያልመለሱትን ነገር ግን በመጀመሪያ ጥሪያችን ደጃቸውን የከፈቱልንን አየን፤ ከሁለቱ ቤት በአንዱ ሰው ተኝቷል። ከዚያ ደግሞ ደጋግመን ተጣርተን፣ እማሆይም «እኔ ነኝ፤ አሰበች ነኝ፤ ወረቀት የያዘ አብሮኝ የለም» ብለው ምለው የተከፈቱልን አሉ። በነዚያ ቤቶች ንዳድ የሌለበትን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ አንዳንዱ ጋ ውኃ የሚያቀብል ጤነኛ እንኳ ጠፍቶ ቅሉን ያቀበልን እኛ ነን።

ነገሩን ልብ ይበሉልኝ። መልስ ለማግኘት በደከምን መጠን በሽታው እየበዛ ሄደ። በቶሎ የመለሰው ጤነኛ፣ ዘግይቶ የመለሰው በሽተኛ፣ ብዙ ተለምኖ የመለሰው ሊሞት የደረሰ ሆነ። እንግዲህ ለእኛም ጨርሶ ሳይከፍቱ የቀሩት ጥቂት ቤቶች በየትኛው ወገን እንዳሉ ለመገመት ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ወደ ጓንግ ቁልቁል የጀመረ ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቀዋል። ለፍርድ እኩልነት ብለን ወደ ላይ ሰፈርም ወጥተን ነበር። እዚያ ያልመለሰ ቤት ስላጣን ወዲያው ተመለስን። አዛናው ማር አቀረበልን፤ እማሆይ ቀመሱ፤ እኔ አልቀመስኩም።

ያገኘነውን ለኸሊፋ ብነግረው ሳቀና «ያ ሰጠኝ፣ እኔ ወደ ሱቄ የገባውን ብቻ ዋጋዬ እንዴት ነው ብለው፣ ወላሂ፣ ሁሉም ተማም፣ ደኅና ነው ይለኛል፤ የተወደደበትማ መች ይመጣና! እሱን ከቤቱ ሄጄ ካልጠየቅሁ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ኸሊፋ ሹም አለመሆኑ ለአገሩ ጉዳት ነው፤ ለእርስዎ ግን ምቾት ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሁለተኛ ሣጥን በዚህ ሳምንት ከገላባት እንደሚሻገርና በዚያው በአሮጌው ውጤት ወደ ላይ ሰፈር እንዲወጣ እንዳዘዙ ሰምተናል። እባክዎ፣ ሣጥኑ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት እንደ ገና ያስጠይቁ። ጸሐፊዎ ማምሻውን ይምጡ፤ ጥላቸው ይቅር፤ ሰፈሩ የሚያምነው ሰው ከፊታቸው ይሂድ። ዝም ያለውን ቤት ዝም ብሏል ብለው ይጻፉት እንጂ ጤና አይስጡት፤ ጤና መስጠት የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ወደዚያው ቤት ተመልሰው እስኪናገር ይጠይቁት። ባልየውን ብቻ ጠይቀውም አይሂዱ። ማማ ላይ የሚውል ባል ስለ ወፍ እንጂ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹም ራሳቸው በሽተኞቹም በየራሳቸው ይጠየቁ።

ስላቁን ለአፍታ ልተወው። የፋናዬ ዓይን ገና ቢጫ ነው። የአዝመራው ሥራ ሲበረታባት ንዳዱ እንደሚመለስባት ሁላችንም እናውቃለን፤ ንዳድ አንዴ የገባበትን ቤት አይረሳም። ያንን ዳገት ዳግመኛ በቃሬዛ ስትወጣ ማየት አልችልም፤ ባለፈው ከግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሿን አጥቼው አውርጄ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ጥዬ አድምጫለሁ። ሞቷን እፈራለሁ። ከሞቷ ቀጥሎ የምፈራው አዛናውን ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ቅደም ተከተሉ ይዛባብኛል፤ በዚያም ቀን በራሴ አፍራለሁ።

በተረፈ ለጸሐፊዎ ጥላ፣ ለአዋጅዎ ግርማ፣ ወደ እርሻ ስለ ላኩልን ሙታንና በሽተኞች፣ ሳይታመም ለታመመልን ላይ ሰፈርም የታች ሰፈርን ምስጋና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ ዕድሜ፣ ለመዝገብዎ ማስተዋል እመኛለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ ዘንድ በሙሉ ጤናው የታወቀው፣
በማንም የማይቀናው፣
ሳይጠየቅ የሚመልስ ትሑት አገልጋይዎ
ሰጠኝ፣ ከታች ሰፈር

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፤ ሙጫው እስኪፈላ ድረስ ኸሊፋ አፉን መያዝ አቅቶት ነገሩ ከደብዳቤው ቀድሞ ጆሮዎ ደረሰ። ልመናዬንም አንድ ሳያጓድሉ ፈጸሙልኝ። ጸሐፊዎ ማምሻውን ያለ ጥላ ወረዱ፤ እማሆይ አሰበች ከፊት ቀደሙ፤ ደጅ ሁሉ ተከፈተ፤ ሴቱም በሽተኛውም በየራሱ ተጠየቀ። ሁለተኛው ሣጥን ታች ሰፈር እንዲቀመጥ ተፈረደ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ግን እለጥፈዋለሁ፤ ወጡ ከተሠራ በኋላ እንግዳው ቀረ ተብሎ አይደፋም።

ያልጠበቅሁት፣ በዚያው ጥያቄ ላይ «ቁልፉን ማን ይያዝ?» የሚል መጨመርዎን ነው። በቆላ ምድር እንዲህ ያለ የተሟላ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም። አልጋ ላይ ያለው ሳይቀር ቀና ብሎ «አዛናው ይውረድልን» አለ። ፋናዬማ የመለሰችው ጸሐፊዎ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ነው። እነሆ ዛሬ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በሩ ከደጄ ጋር የሚተያይ ራኩባ፣ የሣር ዳስ፣ እየተሠራለት ነው። የጥያቄውን አሠራር ራሴ መርምሬዋለሁ፤ እንከን አጣሁለት። ከመላው ታች ሰፈር መልስ ያልሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጸሐፊዎ ደጋግመው ቢጠይቁትም ዝም አለ። እርሱ እኔ ነኝና፣ እባክዎ «ተስማምቷል» ብለው እንዳይጽፉብኝ።